ቀዳሚ ወለድ ረድፍ
1፣ 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8፣ 13። ቀጥሎ የሚመጣው 21 ነው፤ የ8 እና የ13 ድምር። ከመነሻዎቹ ሁለት አንዶች በቀር እያንዳንዱ ቁጥር የተገኘው የቀደሙትን ሁለቱን በመደመር ነው። የሒሳብ ሰዎች እንዲህ ያለውን «ሪከርሲቭ ሲኩዌንስ» ይሉታል። የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ በመሆኑ ተማሪያችን ስሙን ይሸመድደዋል እንጂ ከስሙ ትርጉሙን አያገኝም። እኔ «ቀዳሚ ወለድ ረድፍ» እንበለው እላለሁ።

«ልብ ወለድ» ከልብ የፈለቀ ታሪክ ነው፤ «ውሃ ወለድ በሽታ» ከውሃ የሚመጣ ነው። በዚሁ አካሄድ ቀዳሚ ወለድ ቁጥር ከቀደሙት የተወለደ ይሆናል። «ራሱን ጠሪ» የሚለው አማራጭ ለኮምፒውተር ፕሮግራም ይስማማል፤ ፕሮግራሙ በእርግጥም ራሱን መልሶ ይጠራልና። ቁጥሩ ግን የሚጠራው ወላጆቹን ነው። ሲኩዌንስን «ድርድር» ያላልኩት ደግሞ ቃሉ ዛሬ ሲሰማ ቀድሞ የሚታየው ተደራዳሪዎች የተቀመጡበት ጠረጴዛ ስለሆነ ነው።

የመጀመሪያው ረድፍ በስሙ የሚጠራው ፊቦናቺ፣ የፒዛው ሊዮናርዶ፣ በ1202 እ.ኤ.አ. መጽሐፉ ስለ ጥንቸሎች መራባት ጠይቆ ወደነዚህ ቁጥሮች ደረሰ። የሕንድ የግጥም ሊቃውንት ግን ቀድመውታል። አጭር ቀለም 1 ምት፣ ረጅም ቀለም 2 ምት ይይዛል እንበል። 4 ምት ያለው ስንኝ በስንት መንገድ ይሞላል? ስንኙ የሚያበቃው ወይ በአጭር ወይ በረጅም ነው። በአጭር ካበቃ ከፊቱ 3 ምት ይቀራል፤ ይህ በ3 መንገድ ይሞላል። በረጅም ካበቃ 2 ምት ይቀራል፤ እሱም በ2 መንገድ። ድምሩ 5። የስንኙ ቁጥር ከአጫጭሮቹ ስንኞች ቁጥር ተወለደ ማለት ነው፤ ከዚህ የጠራ ምሳሌ አላውቅም።

መነሻው ሲለወጥ ዘሩም ይለወጣል። በ2 እና በ1 ብንጀምር 3፣ 4፣ 7፣ 11፣ 18 ይከተላሉ፤ እነዚህ በፈረንሳዊው ኤድዋርድ ሉካስ ስም ይታወቃሉ።

ደንቡ ሲለወጥ ግን ነገሩ ይከብዳል። አሜሪካዊው ዳግላስ ሆፍስታተር በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ያቀረበው ረድፍ 1፣ 1፣ 2፣ 3፣ 3፣ 4 ብሎ ይጀምራል። እዚህ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች አይደመሩም፤ ስንት እርምጃ ወደኋላ እንደምንሄድ ይነግሩናል። ሰባተኛውን እንፈልግ። የመጨረሻዎቹ 3 እና 4 ናቸው። ከሰባተኛው ቦታ 4 እርምጃ ስንመለስ ሦስተኛው ላይ 2ን እናገኛለን፤ 3 እርምጃ ስንመለስ አራተኛው ላይ 3ን። ድምሩ 5 ነው። ወላጆቹ ጎረቤቶቹ አይደሉም፤ ቀዳሚዎቹ መሆናቸው ግን አልቀረም። ስሙ እዚህም የሚጸናው ለዚህ ነው።

ይህ ረድፍ እየተንገዳገደ ይሄዳል፦ አሥራ አምስተኛው 10 ሲሆን አሥራ ስድስተኛው ወደ 9 ይወርዳል። አንድ ቀን የእርምጃው ብዛት ከመጀመሪያው ቁጥር አሳልፎ ወደ ባዶ ቦታ ቢልከን ረድፉ እዚያው ይቋረጣል። በኮምፒውተር ሚሊዮኖችን አልፈው ቆጥረውታል፤ አልተቋረጠም። ፈጽሞ እንደማይቋረጥ ግን እስካሁን ያረጋገጠ የለም።

የሒሳብ መምህራን፣ ስሙን ክፍል ውስጥ ሞክሩት፤ የተሻለ ያለው ደግሞ ያምጣልን።