የዘይት መላወሻ

ያረጀ የስፖርት ሞተር ሳይክል ሞቅ ካለ በኋላ ከሆዱ «ኳ፣ ኳ፣ ኳ» ማለት ከጀመረ፣ ጋዝ ሲሰጡትም ድምፁ ከፈጠነ፣ ቢየላው መምታት ጀምሯል ማለት ነው። «ትንሽ ብቻ ነው፤ ቤት ያደርሰኛል» ብሎ የቀጠለ ሰው ብዙ ጊዜ እየገፋው ይመለሳል። ሞተሩ ወርዶ ሲፈታ የጠቆረ ብሮንዚን፣ የተቧጨረ ክራንክ ሻፍት፣ ከዘይቱ ጋር የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ ይገኛል። ጉዳቱ ትልቅ ነው። መነሻው ግን ከፀጉር የቀጠነች አንዲት ልክ መበላሸቷ ነው።

ይህች ልክ በጥገና መጻሕፍት «ኦይል ክሊራንስ» ትባላለች። በአማርኛ የረጋ ስም የላትም። እኔ «የዘይት መላወሻ» ብንላት እወዳለሁ። ስሙ የቀረበው ለማሳመር አይደለም፤ የነገሩ ስም ሲስተካከል ሥራውም ይስተካከላል ብዬ ስለማምን ነው።

ነገሩ ምንድን ነው?

ቃጠሎው ፒስቶኑን ሲገፋው ፒስቶኑ ጉልበቱን በቢየላ በኩል ለክራንክ ሻፍቱ፣ ጋራዥ ውስጥ ኮሎ ለምንለው ክፍል፣ ያስተላልፋል። ቢየላው ኮሎውን በሚያቅፍበት ቀለበት ውስጥ ሁለት ግማሽ ክብ ስስ ብረቶች ተቀምጠዋል፤ ብሮንዚን ማለት እነዚህ ናቸው። ብሮንዚን እንደ ኩሽኔታ ኳስ ወይም ሮለር የለውም፤ ልሙጥ ነው። ሆኖም ሞተሩ ሲሠራ የኮሎው ዘንግና ብሮንዚኑ መነካካት የለባቸውም። መሃላቸው ዘይት አለ። የብሮንዚኑ ውስጠኛ ዲያሜትር ከዘንጉ ዲያሜትር የሚበልጥባት መጠን ለዚያ ዘይት የተሰጠች ስፍራ ናት። የዘይት መላወሻ ማለት ይህች ስፍራ ናት።

ምን ያህል ትሆናለች? በብዙ የሱዙኪ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሮች የቢየላው መላወሻ ከ0.032 እስከ 0.056 ሚሊሜትር ነው፤ 0.080 ካለፈ ብሮንዚኑ ይቀየራል። የሰው ፀጉር ውፍረት 0.07 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ጤነኛ ሞተር ውስጥ አንድ ፀጉር እንኳ በዚያ አያልፍም።

ይህን ያህል የሳሳ ዘይት የቃጠሎን ጉልበት እንዴት ይሸከማል? የመልሱን ጫፍ እ.ኤ.አ. በ1883 በእንግሊዝ አገር ቢቻም ታወር የተባለ መሐንዲስ ሳያስበው አገኘው። የባቡር ዘንግ ተሸካሚዎችን ሲፈትን፣ ዘይት ማጠጫ እንዲሆነው ከላይ ቀዳዳ በሳ። ዘንጉ ሲሽከረከር ግን ዘይቱ ወደ ውስጥ በመግባት ፈንታ በቀዳዳው ወደ ላይ ወጣ። በቡሽ ደፈነው፤ ዘይቱ ቡሹን ገፍቶ ጣለው። በእንጨት ደፈነው፤ እንጨቱም ተገፋ። የግፊት መለኪያ ሲያደርግበት፣ ዘይቱ ውስጥ የተፈጠረው ግፊት በዘንጉ ላይ ካረፈው አማካይ ጭነት በእጥፍ በልጦ ተገኘ። በ1886 ኦስቦርን ሬይኖልድስ ምክንያቱን በሒሳብ አስረዳ። የሚሽከረከር ዘንግ ዘይቱን ይዞ እየጎተተ ወደሚጠብበው በኩል ያስገባዋል፤ መውጫ ያጣው ዘይት ግፊቱ ያይልና ዘንጉን ያነሣዋል። ውሃ በቋጠረ አስፋልት ላይ በፍጥነት የሚነዳ መኪና ጎማው ከመንገዱ ተነሥቶ እንደሚንሳፈፍ ማለት ነው። መኪናው ላይ አደጋ የሆነው ነገር ሞተሩ ውስጥ ሕይወት ነው።

ስለዚህ ጭነቱን የሚሸከመው የዘይት ፖምፓው አይደለም። የፖምፓው ሥራ ዘይት ማቅረብ ነው፤ ተሸካሚው በመላወሻዋ ውስጥ የሚሽከረከረው ዘይት ራሱ ነው። መላወሻዋ ከጠበበች በቂ ዘይት አይዘዋወርም፤ ሙቀት ይጠራቀማል፣ ብረት ብረትን ይነካል፣ ሞተሩ ይነክሳል። ከሰፋች ደግሞ ዘይቱ በብሮንዚኑ ጠርዝ ያመልጣል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል፦ የሚያመልጠው ዘይት ከስፋቷ ጋር እኩል አያድግም። መላወሻዋ በእጥፍ ብትሰፋ የሚያመልጠው ስምንት እጥፍ ይሆናል። አንዱ ቢየላ ጋ የሰፋች መላወሻ የሌሎቹን ድርሻ የምታባክነው ለዚህ ነው። ግፊቱ ይወርዳል፣ ዘንጉ ብሮንዚኑን እየደበደበ ያሰፋዋል፤ በመጨረሻም ብሮንዚኑ ከመቀመጫው ተነቅሎ አብሮ ይሽከረከርና የዘይቱን ቀዳዳ ይደፍናል። ከዚያ በኋላ ያለው የደቂቃዎች ነገር ነው።

ለምን የስፖርት ሞተር ሳይክል?

የመጀመሪያዋን ሱዙኪ ጂኤስኤክስ-አር 750 እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1984 ጀርመን ውስጥ ኮሎኝ ከተማ ለእይታ ቀርባ በ1985 ለገበያ የዋለች፣ ለሩጫ የተሠራን ሞተር ሳይክል ወደ መንገድ ያወረደች ተብላ የምትታወቅ ናት። ደረቅ ክብደቷ 176 ኪሎ ግራም ሲሆን፣ 100 የፈረስ ጉልበቷን የምትሰጠው በደቂቃ 10,500 ዙር ላይ ነው። ይህ ማለት ኮሎው በአንድ ሰከንድ 175 ጊዜ ይዞራል። ከዚህም በላይ የዚህች ሞተር ሳይክል ሞተር የውሃ ራዲያተር የለውም። መሐንዲሶቹ ክብደት ለመቀነስ ሲሉ ማቀዝቀዙንም በአብዛኛው ለዘይቱ ሰጡት፤ ዘይት ከታች ፒስቶኖቹ ላይ፣ ከላይም ሲሊንደሮቹን በሚከድነው ቴስታታ ላይ ይረጫል። ዘይቱ አለስላሽም አቀዝቃዥም ስለሆነ፣ በእንዲህ ያለ ሞተር የዘይት መጓደል ድርብ ጉዳት ነው።

ዛሬ ዕድሜዋ 40 ዓመት ገደማ ነው። የፒስቶን ፋሻው ያለቀ ሞተር ዘይት ይበላል፤ ባለቤቱ ሳያይ መጠኑ ይጎድላል። ዘይቱ በጎደለበት ሞተር የፊት ጎማ አንሥቶ መንዳት ደግሞ ከሞተሩ ሥር ባለው የዘይት መያዣ፣ በኮፓው፣ ውስጥ ያለውን ዘይት ወደ ኋላ ይሰበስበዋል። ፖምፓው በዘይት ፈንታ አየር ይስባል፤ ቢየላዎቹ በዚያች አፍታ ደርቀው ይሠራሉ።

ለምን «መላወሻ»?

መጀመሪያ አእምሮ ላይ የሚመጣው «የዘይት ክፍተት» ነው። ስሕተት የለበትም፤ ግን ክፍተት ስንል ሳይዘጋ የቀረ፣ የጎደለ ነገር ይታሰበናል። ክፍተት የሚሞላ ወይም የሚደፈን ነው፤ ይህች ስፍራ ግን አትደፈንም። በጋራዥ ቋንቋ የቅርቡ ቃል «ጆኮ» ነው። ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ መካኒክ «ጆኮ አለው» ሲል ግን የመላላት፣ የማርጀት ምልክት አይቶ ነው። ጆኮ ሰምቶ የሚደሰት ባለ ንብረት የለም። «የዘይት ማደሪያ»ም ታስቦ ነበር፤ የዘይት ማደሪያ ግን ኮፓው ነው፤ ዘይቱ በብሮንዚኑ ውስጥ አያድርም፤ ገብቶ፣ ተሸክሞ፣ ይወጣል።

መላወሻ ግን ልክ ይመጣል። «መላወሻ አጣሁ» የሚል ሰው ትርፍ ቦታ አይደለም የጠየቀው፤ ለመንቀሳቀስ የምትበቃውን ነው። ቃሉ መብቃቃትን ይዟል፤ በውስጡ የሚላወስ ነገር እንዳለም ይናገራል። ልዩነቱን በአጭሩ ለማስቀመጥ፦ ጆኮ ዕድሜ ያመጣው ነው፤ መላወሻ ግን ሠሪው አስቦ የሰጠው ነው። መላወሻ ከልኳ ስታልፍ ጆኮ ትሆናለች።

እንዴት ትለካለች?

በዓይን አትታይም፤ በጣት ነቅንቆ መገመትም አይበቃም። ትልልቅ ጋራዦች ማይክሮሜትር አላቸው። ከዚህ ቀለል ያለው መንገድ ፕላስቲጌጅ ይባላል፤ «የሰም ክር» ልንለው እንችላለን። እንደ ስፌት ክር የቀጠነ፣ ለስላሳ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጥ ነው። አረንጓዴው ከ0.025 እስከ 0.076 ሚሊሜትር ይለካል፤ ለዚህ ሥራ የሚሆነውም እሱ ነው።

ኮሎውና ብሮንዚኑ ከዘይት ይጠረጋሉ። ከክሩ እንደ ብሮንዚኑ ወርድ ተቆርጦ በዘንጉ ርዝመት ላይ ይጋደማል። የቢየላው ቆብ ይገጠማል፤ ዳዶዎቹ በቶርክ ቁልፍ መጽሐፉ በሚያዘው ልክ ይጠብቃሉ። በዚህ ጊዜ ኮሎውም ሆነ ቢየላው ፈጽሞ መዞር የለበትም፤ ትንሽ ከዞረ ክሩ ተለጥጦ ልኬቱ ይበላሻል። ከዚያ ቆቡ ይፈታል። ክብ የነበረው ክር ተደፍጥጦ ጠፍጣፋ ሪባን ሆኗል። በመጠቅለያው ወረቀት ላይ የታተሙትን መስመሮች አጠገቡ አድርገህ ከስፋቱ ጋር የሚገጥመውን ታነብባለህ። ጀማሪን የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው፤ ክሩ በጣም ከሰፋ መላወሻዋ ጠባብ ናት፣ ክሩ ቀጭን ሆኖ ከቀረ ሰፊ ናት። የክሩ አንዱ ጫፍ ከሌላው ከሰፋ ደግሞ ዘንጉ ወደ አንድ ወገን ተበልቷል። ንባቡ ካለቀ ክሩ በዘይት ተጠርጎ ይወጣል፤ በብረት አይፋቅም።

ከልኬቱ በኋላ

አዲስ ብሮንዚን ሲገዛ «የጂኤስኤክስ-አር ስጡኝ» ማለት አይበቃም። ኮሎውና ቢየላው ላይ ትንንሽ የቁጥር ምልክቶች አሉ። ሁለቱ ምልክቶች በመጽሐፉ ሠንጠረዥ ላይ ሲገናኙ አንድ ቀለም ይሰጣሉ፤ ብሮንዚኑ ጠርዝ ላይም ያው ቀለም ተቀብቷል። በቀለሞቹ መካከል ያለው የውፍረት ልዩነት ጥቂት የሚሊሜትር ሺሕኛ ብቻ ነው። ቀለሙ በሠንጠረዡ ከተመረጠ በኋላም በሰም ክር ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ምልክቱ የሚናገረው ፋብሪካ ሳለች ስለነበረችው ኮሎ ነው፣ እጅህ ላይ ያለችው 40 ዓመት ሠርታለች።

በመኪና ሥራ የለመደ ባለ ሙያ «ኮሎው ቶርኖ ቤት ይላጥና ወፍራም ብሮንዚን እንግጠም» ሊል ይችላል። በጭነት መኪና ያስኬዳል፤ በ0.25 እና በ0.50 ሚሊሜትር የወፈሩ ብሮንዚኖች ይሸጡለታል። ለጃፓን ስፖርት ሞተር ሳይክሎች ግን ፋብሪካዎቹ እንዲህ ያለውን ብሮንዚን በአብዛኛው አያቀርቡም። የተቧጨረ ኮሎ ደህና በሆነ ኮሎ ይተካል።

ሌላው የሚዘነጋው ብናኙ ነው። ከተበላው ብሮንዚን የወጣው ብረት በዘይት መተላለፊያዎቹና በዘይት ማቀዝቀዣው ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል። ማቀዝቀዣው በደንብ ሳይታጠብ ወይም ሳይቀየር የተገጠመ አዲስ ብሮንዚን የሚጠጣው የአሮጌውን ስብርባሪ ነው። ሁሉም ከተገጠመ በኋላም ካንዴላዎቹ ወጥተው፣ የዘይቱ መብራት እስኪጠፋ ድረስ ሞተሩ ያለ እሳት በማስነሻው ይዙር። መላወሻዋ ዘይቷን ሳታገኝ ቃጠሎ መምጣት የለበትም።

ቃሉ በሥራ ላይ እንዲህ ይነገራል፦ «የሦስተኛው ቢየላ መላወሻ ስንት መጣ?» «0.045፤ ልክ ነው።» «የአራተኛው ሰፍቷል፣ ቀለሙን ቀይር።» ለእያንዳንዱ ቢየላ የተገኘውን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ከሞተሩ መጽሐፍ ጋር አስቀምጡት። ከዓመታት በኋላ ያንን ሞተር የሚፈታው ሰው፣ እናንተም ሆናችሁ ሌላ፣ ከግምት ሳይሆን ከልክ ይነሣል።