«አናሳ» ማን ነው?

«አናሳ ባለአክሲዮን» ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ጥቂት ሰው ነው። ቃሉን «አናሳ ብሔረሰብ» ከሚለው ጋር ስለለመድነው ይመስለኛል። በአክሲዮን ማኅበር የሚቆጠረው ግን ራስ ሳይሆን ድርሻ ነው። 1,000 አክሲዮን ያለው ማኅበር እናስብ፤ አንዱ 510 ይዟል፣ 98 ሰዎች ደግሞ አምስት አምስት። በጠቅላላ ጉባኤው ቀን አዳራሹን የሞሉት 98ቱ ናቸው፤ ወንበር ያልደረሳቸው ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ድምፅ ሲቆጠር አናሳዎቹ እነሱ ይሆናሉ። ቃለ ጉባኤው ላይ «በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ» የተባለው የአንድ ሰው እጅ ተነሥቶ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ «አናሳ ድርሻ ያለው» ማለቱን እመርጣለሁ፤ ያነሰው ሰውየው አይደለምና። ገንዘቡ ማኅበሩ ውስጥ አለ፣ ቃሉ ግን ውሳኔው ላይ አይደርስም። ትርፍ ሳይከፋፈል ዓመት ዓመትን ቢተካ፣ የማኅበሩ መጋዘን ለባለ510ው ዘመድ በርካሽ ቢሸጥ፣ እጅ ማውጣት ብቻውን አያድነውም። የሕግ ከለላ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የ1952ቱ የንግድ ሕግ ከካፒታሉ ቢያንስ አንድ አሥረኛውን የያዙ ባለአክሲዮኖች የማኅበሩ አሠራር በመርማሪ እንዲታይ ለንግድ ሚኒስቴር ማመልከት እንዲችሉ ፈቅዶ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1243 የዚያን ሕግ የማኅበራት ክፍል ተክቶታል። በአሮጌው ልክ ብናሰላው፣ ከ98ቱ 20 ሰዎች ተፈላልገው አንድ ማመልከቻ ላይ መፈረም ነበረባቸው።