ማኅበረሰብ አቀፍ የፖሊስ አገልግሎት (ዳንግላ)

ዳንግላ በአማራ ክልል በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ ባሕር ዳርን ከእንጅባራ በሚያገናኘው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በክልሉ ማኅበረሰብ አቀፍ አሠራር ለየቀበሌው ፖሊስ ይመደባል፤ ነዋሪዎች የተወከሉበት አማካሪ ምክር ቤትም አብሮት ይሠራል። «የቤተሰብ ፖሊስ» የሚባለው ደግሞ ቤተሰቡ ጠብና ጥፋትን ገና ከጓዳው እንዲከላከል የታሰበ ነው። በወጣቶች ዘንድ ከስብሰባ ይልቅ የሚሠራው ፖሊሱ ከቤተሰቡ ጋር ያለው ቅርበት ነው፤ ፖሊሱ ከእናቱ ጋር አቦል ሲጠጣ ያየ ልጅ፣ ማግስቱን መንገድ ላይ ሲያገኘው ሰላም ይለዋል እንጂ አይሸሸውም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀና ግጭት ከተስፋፋ ወዲህ ግን ይህን መቀራረብ ማቆየት እጅግ ከብዷል።