ሄሮድስና ጲላጦስ ወዳጅ የሆኑበት ቀን



ሄሮድስና ጲላጦስ ጠላቶች ነበሩ፤ ጌታችን በፊታቸው በቆመበት ቀን ግን ወዳጆች ሆኑ (ሉቃ. 23፥12)። ይቅር ስለ መባባላቸው ወንጌላዊው አንዳች አይነግረንም።

በቶንጎና በአሶሳ ለምንኖር ለእኛ ሱዳን የቅርብ ጎረቤት ናት። ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በግብፁ ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ ላይ የግድያ ሙከራ ተደረገ። ኢትዮጵያ ሱዳን ተጠርጣሪዎችን ሸሽጋለች ብላ ከሰሰች፤ የሁለቱ አገሮች ግንኙነት ሻከረ። በ1988 ዓ.ም. የጸጥታው ምክር ቤት በሱዳን ላይ ማዕቀብ ጣለ። በ1989 ዓ.ም. የሱዳን አማፅያን ኩርሙክን ሲይዙ ካርቱም ኢትዮጵያን ወነጀለች። ከውጊያው የሸሹት ወደ ክልላችን ገቡ፤ የሸርቆሌ መጠለያም ተከፈተ።

በ1990 ዓ.ም. ግን የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ፈነዳ፤ የአሰብ መንገድም ተዘጋ። ኢትዮጵያ በምዕራብ ሁለተኛ ጠላት እንዲኖራት አልፈለገች፤ ሱዳንም ከመገለል መውጣት ትሻ ነበር። ስለዚህ ተቀራረቡ። በ1987 ዓ.ም. ከካርቱም ጋር ግንኙነቷን ያቋረጠችው ኤርትራም በ1992 ዓ.ም. መልሳ ቀጠለች። መስከረም 1994 ዓ.ም. ማዕቀቡ ሲነሣ ኢትዮጵያ ደገፈች።

ይህን አንንቅም። በጥቅም የመጣ ሰላምም የሰው ሕይወት ያተርፋል፤ ስለ መሪዎች እንድንጸልይ የታዘዝነውም ጸጥ ብለን እንድንኖር ነው (1ጢሞ. 2፥1-2)። ነገር ግን ፍርሃት ያስታረቀው፣ ፍርሃቱ ሲያልፍ ይላላል። በ2013 ዓ.ም. የአልፋሽጋ መሬት ጉዳይ ሁለቱን አገሮች እንደገና አፋጠጣቸው። የመንግሥታት ወዳጅነትም ለተርታው ሰው ሁልጊዜ አይደርስም፤ በ2004 ዓ.ም. ከሱዳን ብሉ ናይል ግዛት ለሸሹት እዚሁ ቶንጎ መጠለያ ሲከፈት፣ ሁለቱ መንግሥታት ወዳጆች ነበሩ።

ክርስቶስ የጥልን ግድግዳ ያፈረሰው ሦስተኛ ጠላት አግኝቶልን አይደለም፤ በገዛ ሥጋው ዋጋ ከፍሎ ነው (ኤፌ. 2፥14-16)።

ወገኖች፣ ራሳችንን እንመርምር። በየአጥቢያችን ተኳርፈው የቆዩ ሁለት ሰዎች አብረው የሚያሙትን ሦስተኛ ሰው ሲያገኙ ይስማማሉ፤ እኛም እርቅ ወረደ ብለን እናጨበጭባለን። ያ የሄሮድስና የጲላጦስ ወዳጅነት ነው። በደልን በስሙ ጠርተን፣ ይቅርታ ጠይቀን፣ ይቅር ብለን እንታረቅ። ድንበር ተሻግሮ የመጣው ስደተኛም በመካከላችን ይህን እርቅ ይይ።

የሰላም አለቃ ይርዳን። አሜን።