ከሞተሩ በፊት ውሉ፦ የአሜሪካ የጭነት ትራንስፖርት ሕግና የባለመኪናው ሹፌር ዕጣ

በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በሚሰባሰቡበት ስፍራ፣ ሠርግም ይሁን ለቅሶ፣ የከባድ ጭነት መኪና ወሬ እምብዛም አይጠፋም። ከታክሲ ወደ ከባድ መኪና የተሻገሩት ጥቂት አይደሉም። ተቀጥሮ ጥቂት ዓመት የሠራ ሹፌርም ውሎ አድሮ የራሱን መኪና መግዛት ያስባል። በዚያን ጊዜ የሚጠይቀው ምክር በአብዛኛው ስለ ብረቱ ነው፤ የትኛው ሞተር ይበረታል፣ ምን ያህል ማይል የሄደ መኪና ያዋጣል፣ ጎማው ስንት ይፈጃል። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ይሁንና ወደ ዘጠና ዓመት የሚጠጋው የዘርፉ ታሪክ ሌላ ጥያቄ ያስቀድማል፤ ጭነት ሲጠፋ፣ ናፍጣ ሲወደድ ወይም መኪናው ጋራዥ ሲገባ ኪሳራውን የሚሸከመው ማን ነው? መልሱን የሚሰጡት ሕጉና ውሉ ናቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ነው (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሥራ የጠፋበት ሰው ሁሉ መኪና እያስነሣ ጭነት ስለተሻማ የማጓጓዣ ዋጋ ወደቀ፤ የባቡር ኩባንያዎችም አቤት አሉ። በ1935 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የፈረሙት ሕግ በክፍላተ ሀገር መካከል የሚደረገውን የመኪና ጭነት፣ በ1887 ለባቡር ቁጥጥር በተቋቋመው የኢንተርስቴት ንግድ ኮሚሽን ሥር አዋለው። ከዚያ በኋላ አዲስ አጓጓዥ ፈቃድ ለማግኘት አገልግሎቱ ለሕዝብ እንደሚያስፈልግ ማስረዳት ነበረበት፤ ነባሮቹም ቀርበው ሊቃወሙት ይችሉ ነበር። ፈቃዱ የዕቃውን ዓይነትና መስመሩን ጭምር ስለሚወስን፣ ጭኖ የሄደ መኪና ባዶውን የሚመለስበት ጊዜ ብዙ ነበር። በ1948 ደግሞ ኮንግረሱ የፕሬዚዳንት ትሩማንን ተቃውሞ ሽሮ፣ አጓጓዦች በጋራ ዋጋ እንዲተምኑ ከፀረ ሞኖፖል ሕግ ነጻ አወጣቸው።

ይህ የተዘጋ ገበያ ሁለት ገጽታ ነበረው። ሸማቹ ከፍ ያለ ዋጋ ከፍሏል፤ ሠራተኛው ግን ከዚያ ዋጋ ድርሻ አግኝቷል። ጂሚ ሆፋ የመሩት የቲምስተርስ ማኅበር በ1964 ወደ 400,000 የሚጠጉ ሹፌሮችን በአንድ ብሔራዊ ስምምነት ሥር አሰባሰበ። የአንድ ድርጅት ዋጋ በሌላው እንዳይሰበር ሕጉ ስለጠበቀው፣ የደመወዝ ጭማሪውን ወደ ደንበኛው ማሻገር ይቻል ነበር። በ1956 የተጀመረው የኢንተርስቴት አውራ ጎዳና ግንባታም የመኪናን ጭነት ከባቡር ጋር ይበልጥ ተወዳዳሪ አደረገው።

ባለመኪናው ሹፌር ከዚህ ቅጥር ውጭ ነበር። የነበረው ምርጫ ሁለት ነው፤ አንድም ሕጉ ነጻ ያደረገውን ያልተቀነባበረ የእርሻ ምርት መጫን፣ አለዚያም መኪናውን ከነራሱ ፈቃድ ላለው ድርጅት ማከራየት። ዕዳው የእርሱ፣ ፈቃዱ የሌላ ሰው ነበር። በ1973 ማብቂያ የነዳጅ ቀውስ ሲፈጠር የዚህ አቋም ድክመት ተገለጠ። ናፍጣ ተወደደ፤ በጥር 1974 የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 55 ማይል እንዲሆን ተደነገገ፤ በማይል የሚከፈለው ሰው ገቢው ከሁለት ወገን ተቆረጠ። ባለመኪኖቹ በሬዲዮ እየተጠራሩ አውራ ጎዳናዎችን ዘጉ። አቤቱታቸው ቀጥሎ በ1979 ኮሚሽኑ ድርጅቶች ከባለመኪና ጋር የሚገቡት የኪራይ ውል ምን መያዝ እንዳለበት የሚዘረዝር ደንብ አወጣ።

በዓመቱ የተዘጋው በር ተከፈተ። ሐምሌ 1 ቀን 1980 ፕሬዚዳንት ካርተር የፈረሙት ሕግ የማስረዳቱን ሸክም ገለበጠው፤ አዲሱ አመልካች አስፈላጊነቱን ማስረዳቱ ቀርቶ፣ ተቃዋሚው የአመልካቹን ጎጂነት ማስረዳት ግድ ሆነበት። በአሥር ዓመት ውስጥ ፈቃድ ያላቸው አጓጓዦች ቁጥር ከእጥፍ በላይ አደገ፤ የማጓጓዣ ዋጋ ቀነሰ፤ ባዶ ጉዞም ቀለለ። ካፒታልና ዘመድ የሌለው ስደተኛ በስሙ ፈቃድ አውጥቶ በዚህ ሥራ ሊሰማራ የቻለው ይህ ሕግ በከፈተው በር ነው።

በሩን የከፈተው ሕግ ግን ወለሉንም አንሥቶታል። ማንም ዋጋ ሊሰብር በሚችልበት ገበያ የማኅበሩ ስምምነት መቆም አልቻለም፤ ማኅበሩ በርካታ አባላቱን አጣ። የኢኮኖሚ ተመራማሪው ማይክል ቤልዘር በ2000 ባሳተመው መጽሐፍ የሹፌሮች እውነተኛ ገቢ ከሕጉ በኋላ እንዴት እንዳሽቆለቆለ አሳይቷል። በ1938 የወጣው የሠራተኛ ሕግ ለትርፍ ሰዓት የደነገገው ተጨማሪ ክፍያ አብዛኞቹን የረጅም ርቀት ሹፌሮች አይመለከትም፤ በመጋዘን በር የሚባክነው ሰዓትም ክፍያቸው በማይል ለሆነ ሰዎች ብዙ ጊዜ ያለ ዋጋ ይቀራል። ከታኅሣሥ 2017 ጀምሮ የግዴታ የሆነው የኤሌክትሮኒክ መዝገብ የመንዳቱን ሰዓት በደቂቃ ይቆጥራል፤ ለባከነው ሰዓት ግን ማንንም አያስከፍልም።

በዚህ አካባቢ የተስፋፋው የኪራይ ግዥ ውል የሸክሙን ዝውውር ፍጹም ያደርገዋል። ድርጅቱ፣ አለዚያም እህት ኩባንያው፣ መኪናውን ለሹፌሩ ያከራያል፤ ሹፌሩም መኪናውን መልሶ ለዚያው ድርጅት ሥራ ያውላል። የኪራዩ፣ የናፍጣው፣ የመድኑና የጥገናው ሂሳብ በየሳምንቱ ከገቢው ይቀነሳል፤ ጭነት የሚሰጠው ግን ድርጅቱ ብቻ ነው። ጭነት ሲቀንስ ዕዳው ይከማቻል፤ ሹፌሩ ሲለቅ ወይም ሲባረር መኪናው ወደ ድርጅቱ ይመለስና ለሌላ ተስፈኛ ይሰጣል። በውሉ ላይ «ገዢ» የተባለው ሰው በተግባር የሌላውን የብድርና የገበያ ስጋት የሚሸከም ሠራተኛ ይሆናል። በጥር 2019 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እነዚህ ሹፌሮች በውል ላይ ራሳቸውን የቻሉ ሥራ ተቋራጮች ቢባሉም፣ የፌዴራሉ የግልግል ሕግ ለትራንስፖርት ሠራተኞች የተወው ነጻነት እንደሚጠብቃቸው ወሰነ። በጥር 2025 ደግሞ ኮንግረሱ እንዲቋቋም ያዘዘው የጭነት መኪና ኪራይ አጥኚ ግብረ ኃይል፣ የኪራይ ግዥ ውል ጨርሶ እንዲታገድ ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ሐሳብ ነው፤ ሕግ አይደለም።

ስለዚህ ዛሬም በእጅ ያለው መሣሪያ የ1979ኙ ደንብ ነው። ኮሚሽኑ በ1995 በወጣ ሕግ ቢፈርስም ደንቡ አልፈረሰም። በደንቡ መሠረት ለድርጅት መኪናውን ያከራየ ሰው፣ የጉዞውን ሰነድ ካስረከበ በ15 ቀን ውስጥ ሊከፈለው ይገባል። ክፍያው በመቶኛ ከሆነ፣ ደንበኛው ድርጅቱን የከፈለበትን ሰነድ ቅጂ የማየት መብት አለው። የሚቀነስ ሂሳብ ሁሉ ከነስሌቱ በውሉ መዘርዘር አለበት። ጎማም ሆነ ናፍጣ ከድርጅቱ እንዲገዛ የውሉ ቅድመ ሁኔታ ሊደረግበት አይችልም። መያዣ ገንዘቡም ውሉ በተቋረጠ በ45 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። እነዚህ አንቀጾች የሌሉበት ወይም የሚቃረን ቃል ያለበት ውል፣ መኪናው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለጠበቃ ሳይታይ መፈረም የለበትም።

የደንቡ ጉድለት ከአፈጻጸሙ ላይ ነው። የ1995ቱ ሕግ ባለመኪናው ድርጅቱን በፍርድ ቤት እንዲከስ መንገድ ሰጠው፤ በዚያውም መብቱን የማስከበሩ ሥራ በአመዛኙ በተጎጂው ላይ ወደቀ። ሌሊቱን ሲነዳ የሚያድርና ቋንቋው ሁለተኛ የሆነበት ሰው ይህን ብቻውን አይችለውም። የማኅበረሰብ ድርጅቶች፣ በዕቁብ የሚሰበሰበው ገንዘብና በሕግ ሙያ የተሰማሩ የአገር ልጆች የሚያገለግሉበት ቦታ እዚህ ላይ ነው፤ ውሉን በአማርኛ አስረድቶ ከፊርማ በፊት ማስቆም፣ ከፊርማ በኋላ ለዓመታት ከመካሰስ እጅግ ይረክሳል። ሞተሩን መካኒክ ሳያየው መኪና የሚገዛ ሹፌር የለም፤ ውሉንም ያው ዓይነት ምርመራ ሳያልፍ የሚፈርም ሊኖር አይገባም።