ቁልፉ በማን እጅ ይሁን? የወለጋ ወረቀቶችና የመዝገብ አደራ



ነቀምት፣ ጊምቢ፣ ነጆ፣ መንዲ ወይም ደምቢ ዶሎ የሚኖር አንድ ወጣት የሰፈሩን የመጀመሪያ መስጂድ መሬት ማን እንደሰጠ፣ ግንቡን ማን እንዳቆመ፣ ገንዘቡ ከየት እንደተዋጣ ማወቅ ቢፈልግ ወዴት ይሄዳል? መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ «እገሌ የሚባሉ አባት ያውቃሉ፤ ወረቀቱም እሳቸው ጋ ነው።» አባት ይሞታሉ፤ ሳጥኑ ለልጅ ይደርሳል። ልጅ ቤት ይቀይራል፣ ከተማ ይለቃል፤ አንዳንዴም በአንድ ሌሊት ልብሱን ብቻ ይዞ ይሰደዳል። ከዚያ በኋላ «ነበር» ከማለት በቀር የሚታይ ነገር የለም።

«ታሪካችንን እንሰብስብ» የሚል ወጣት አላጣንም፤ አልሐምዱሊላህ። ፎቶ የሚያነሳ ስልክም በየኪሱ አለ። ብዙም የማናወራበት ከሰበሰብን በኋላ ያለው ነው። ማን ይጠብቀዋል? ማን ያየዋል? ጠባቂው ቢሞት፣ ቢታሰር ወይም ቢጣላ ማን ይተካዋል? ታሪክ በዚህ ላይ ብዙ ይነግረናል፤ ከራሳችን ከተማ እንጀምር።

የሌቃ ነቀምት ገዥ የነበሩት ሞረዳ በከሬ በ1882 እ.ኤ.አ. ለምኒልክ ገቡ። ልጃቸው ኩምሳ ሞረዳ፣ በክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ ከአዲስ አበባ ጋር ለአሥርት ዓመታት ሲጻጻፉ ኖሩ። ስለ ግብሩ፣ ስለ ወርቁ፣ ስለ መሬቱ በደብዳቤ ይጠየቃል፤ በደብዳቤ ይመለሳል። ከ1880ዎቹ እስከ 1920ዎቹ ያሉትን እነዚህን ሰነዶች የታሪክ ምሁሩ ተሰማ ታአ ከጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ትሪውልዚ ጋር አዘጋጅተው በ2004 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ አሳትመዋቸዋል። ዛሬ ስለዚያ ዘመን ወለጋ በቁም ነገር ልጻፍ የሚል ሰው ያንን መጽሐፍ ሳያገላብጥ አያልፍም።

ቤተ መንግሥት ግን የሚጽፈው እሱን የሚያሳስበውን ነው። ነጋዴው እዚያ ውስጥ ቢገኝ በቀረጥ በኩል ነው የሚገኘው። በዚያው ዘመን በሌቃ ቢሎ ገበያ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ወርቅና ቡና ይዘው ዓባይን የሚሻገሩ ሙስሊም ነጋዴዎች ነበሩ። በቤጊ አካባቢ ያአ ላይ ደግሞ ከምዕራብ አፍሪካ ተነስተው በሱዳን በኩል የመጡት የቲጃኒያው ሸኽ አል-ፈቂ አሕመድ ዑመር ኖረው በ1953 እ.ኤ.አ. አርፈዋል። እስከ ዛሬም ከሩቅ አገር ሰው ወደ ያአ ይመጣል። የነጋዴው የዱቤ ወረቀት፣ የሸኹ ኢጃዛና ደብዳቤ፣ የመስጂድ መዋጮ መዝገብ ጸሐፊ ቀጥሮ የሚያስቀምጥ ቤተ መንግሥት አልነበረውም። ያለው የየቤቱ ሳጥን ነው።

ታዲያ ሳጥኖቹ ሁሉ ወደ አንድ ቤት ቢሰበሰቡስ? ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ፈተና ሙስሊሞች የዛሬ ስድስት መቶ ዓመት ካይሮ ላይ አይተውታል።

በ797 ዓመተ ሂጅራ ጀማሉዲን ማሕሙድ አል-ኡስታዳር የሚባል የመምሉኮች ባለሥልጣን በስሙ የሚጠራውን መሕሙዲያ መድረሳ አቋቋመ። ቃዲ ቡርሃኑዲን ኢብኑ ጀማዓ ዕድሜ ልካቸውን የሰበሰቧቸውን ኪታቦች ከውርስ ገዝቶ ለመድረሳው ወቅፍ አደረጋቸው። ሸርጡ ግልጽ ነበር፦ ከመድረሳው አንድም ኪታብ እንዳይወጣ። ከጊዜ በኋላ ጠባቂ የሆነው ፈኽሩዲን ዑስማን በጥብቅነቱ ስም ያወጣ ሰው ነው። ትልልቅ ሰዎች ቢለምኑት እንኳ «አይሆንም» ይል ነበር። በ826 ግን በስውር ጉቦ ይቀበላል ተብሎ ተከሰሰና ኪታቡ ተቆጠረ። ከ4,000 ጥራዝ 400 ጎድሎ ተገኘ፤ ከአሥር አንድ እጅ ማለት ነው። ዋጋው 400 ዲናር ተገምቶ ክፈል ተባለ።

ይህን ጽፈው ያቆዩልን በቦታው የተተኩት ሰው ናቸው። እሳቸውም የፈትሑል ባሪው ባለቤት ኢብኑ ሐጀር አል-ዐስቀላኒ ረሒመሁላህ ናቸው። በሐዲስ ያወቅናቸውን እኚህን ዓሊም የኪታብ ቤት ጠባቂ ሆነው ማግኘት ደስ ይላል። ለኪታቦቹ ሁለት ማውጫ አዘጋጁ፤ አንዱ በርዕሳቸው ፊደል ተራ፣ ሌላው በዕውቀት ዘርፋቸው።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። ኋላ የመጡት ጀላሉዲን አስ-ሱዩጢ ስለዚሁ ኪታብ ቤት አንዲት ሪሳላ ጻፉ። ጥያቄያቸው፦ ወቅፍ ያደረገው ሰው «አይውጣ» ካለ ጨርሶ አይውጣ ማለት ነው ወይ? የሰውየው ዓላማ ኪታቡ እንዲጠቅምና እንዳይጠፋ ነው። ታማኝ የሆነ ሰው እዚያው ተቀምጦ ሊሠራው የማይችለው ሥራ ኖሮት በአደራ ቢወስደውና ቢመልሰው የወቃፊው ዓላማ ይጠበቃል ወደሚለው አዘነበሉ። መቆለፍና መክፈት የሚሟገቱበት ይህ ክርክር ዛሬም በየቤተ መጻሕፍቱ አለ።

እኔ ከዚህ ታሪክ የምይዘው ዑስማንን ነው። ጥብቅ ሰው ማግኘት ቀላል ነው፤ በየጀመዓው ቁልፉን አንጠልጥሎ ማንንም የማያስጠጋ አንድ ወንድም አይጠፋም። ያ ሁሉ ኪታብ የጠፋው በጥብቅ ሰው እጅ ነው፤ ጥብቅነቱ ራሱ ጥያቄ እንዳይነሳ ሸፈነው። ችግሩን ያወጣው ቆጠራ ነው። ቆጠራ እንዲቻል ደግሞ መጀመሪያ ስንት እንደነበረ የሚናገር ዝርዝር መኖር አለበት።

ወደ አገራችን ስንመለስ ሐረር ላይ የአብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍን ሥራ እናገኛለን። ማንም ሳያዛቸው፣ በራሳቸው ገንዘብና በገዛ ቤታቸው የከተማዋን የእጅ ጽሑፎች፣ ሳንቲሞችና የድምፅ ቅጂዎች ሰበሰቡ። የተበጣጠሰ ኪታብ መጠገንና መጠረዝም ተማሩ። ኋላ ከተማው «የራስ ተፈሪ ቤት» የሚባለውን ታሪካዊ ቤት ሰጣቸውና ስብስቡ ከግል ቤት ወደ ሙዚየም ተሻገረ። እንዲህ ያለ ሰው ለያንዳንዱ ከተማ ይስጥልን። ግን ነቀምት እንዲህ ያለ ሰው እስኪወለድላት መጠበቅ የለባትም፤ የአንድ ሰው ፍቅር የሚሠራውን አሥር ሰዎች በጽሑፍ ውል ተሳስረው ሊሠሩት ይችላሉ።

ነገሩ የሚከብደው ሰነዱ የትግል ሰነድ ሲሆን ነው። የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር በ1955 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ሙስሊምና ክርስቲያን ኦሮሞዎች ገንዘብ እያዋጡ ትምህርት ቤትና መንገድ ሊሠሩ የተነሱበት ማኅበር ነበር። በ1967 እ.ኤ.አ. ታገደ፤ መሪዎቹም ታሰሩ። ኦላና ዞጋ «ግዝትና ግዞት» በሚለው መጽሐፉ የማኅበሩን ታሪክ ለአንባቢ ያቀረበው አገዛዞች ከተቀያየሩ በኋላ ነው። የታገደ ማኅበር ወረቀት ብዙውን ጊዜ መኖሪያው ሁለት ነው፦ የፖሊስ መዝገብ ወይም የፈራ ሰው ምድጃ።

በ2004 ዓ.ም. ከአወሊያ የተነሳውን የ«ድምፃችን ይሰማ» እንቅስቃሴ ደግሞ እናንተም ታስታውሱታላችሁ፤ ያልደረሳችሁም ከታላላቆቻችሁ ሰምታችኋል። የኮሚቴው አባላት በዚያው ዓመት ሐምሌ ታሰሩ። በ2007 ሐምሌ መጨረሻ እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው። የመጨረሻዎቹ የተፈቱት በ2010 የካቲት ነው። የእንቅስቃሴው ወረቀትና ፎቶ ዛሬ በአብዛኛው ያለው በአሮጌ ስልኮችና በተዘጉ የፌስቡክ ገጾች ላይ ነው። «ለመጅሊስ እንስጠው» የሚል ሰው አለ። መጅሊስ በአዋጅ 1207/2012 ሕጋዊ ሰውነት አግኝቷል፤ ቢሮም መደርደሪያም አለው። ነገር ግን ያ እንቅስቃሴ አቤቱታ ካቀረበባቸው ጉዳዮች አንዱ የያኔው የመጅሊስ አመራር ነበር። ያኔ ወረቀቱ እዚያው መሥሪያ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ቢሆን ኖሮ ምን ይተርፍ ነበር? የዛሬውን አመራር ለመንቀፍ አይደለም። አመራር ይቀያየራል፤ ሰነድ ከአንድ አመራር ዕድሜ በላይ መኖር አለበት።

ደቡብ አፍሪካውያን ለዚህ መላ ፈልገዋል። በ1980ዎቹ መጨረሻ አፓርታይድን የሚታገሉ ሰዎች የማኅበራትን፣ የሠራተኞችንና የሰፈር ኮሚቴዎችን ፖስተርና ወረቀት የሚሰበስብ የታሪክ መዝገብ ቤት አቋቋሙ። በኋላ ዩኒቨርሲቲ የማስቀመጫ ቦታ ሰጠ። ውሳኔው ግን በነጻ የባለአደራዎች ቦርድ እጅ ቀረ። ቤቱ የሌላ፣ ቃሉ የባለአደራው ማለት ነው። ወቅፍን ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም፤ ናዚሩ የንብረቱ ባለቤት አይደለም፣ ከሸርጡም አይወጣም።

ሁሉም ወረቀት ደግሞ የሚከፈት አይደለም። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በጊምቢ ወረዳ ቶሌ ቀበሌ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተገደሉ። ብዙዎቹ በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ቤተሰቦችና ልጆቻቸው ናቸው። የሟቾችን ስም መመዝገብ ግዴታችን ነው። የመሰከረው ሰው ስም፣ ድምፁ፣ አሁን የሚኖርበት ሰፈር ግን ሌላ ነገር ነው። በቴሌግራም የተለቀቀ አንድ ዝርዝር ሰው ሊያስገድል ይችላል፤ ከተለቀቀ ደግሞ አይሰበሰብም። ሰብሳቢው በቅንነት «ዓለም ይወቅልን» ብሎ ቢለቀው እንኳ አደራው የምስክሩ ነበር። ምስክሩ ራሱ «እኔ በሕይወት እስካለሁ አይከፈት» ወይም «ስሜ ወጥቶ ቃሌ ይነበብ» የማለት መብት አለው። ፈቃዱም በቀረጸው ልጅ ትዝታ ላይ ሳይሆን በወረቀት ላይ መስፈር አለበት። በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም ያለ ፈቃድ የሰው መረጃ መበተንን ቀላል ነገር አድርጎ አያየውም።

እንግዲህ ነቀምት ላይ አሥር ልጆች ነገ ቢጀምሩ፣ ከስካነር በፊት የሚያስፈልጋቸው ሁለት ገጽ ውል ነው። ኦርጅናሉ ከተቻለ በባለቤቱ ቤት ይቆይ፤ እኛ ቅጂ እንውሰድ። ያመጣ ሰው ደረሰኝ ይቀበል፤ ማን ሊያየው እንደሚችል በራሱ ቃል ይጻፍበት። ቁልፉና የይለፍ ቃሉ በሦስት ሰዎች እጅ ይሁን፤ ሦስቱም ከአንድ ቤተሰብ ወይም ከአንድ ማኅበር ባይሆኑ ይመረጣል፤ ከሦስቱ አንዷ እህት ብትሆን ደግሞ እናቶች የያዙት ሳጥን ይከፈታል። አንድ ቅጂ ከወለጋ ውጭ ይቀመጥ፤ ምክንያቱን የዚህ አካባቢ ልጅ ሊነገረው አይገባም። ከዩኒቨርሲቲ የሚመጣ ተመራማሪ ይስተናገድ፤ ነገር ግን የጻፈውን አንድ ቅጂ እዚሁ ይተው። ማውጫው በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይዘጋጅ፤ ዐረብኛው ወረቀት ላይ ዐረብኛ የሚያነብ ሰው ርዕሱን ይጻፍበት። ቡድኑ ቢፈርስ ሰነዱ ለማን እንደሚተላለፍ ዛሬ፣ ገና ሳትጣሉ ጻፉት።

በዓመት አንድ ቀን ደግሞ፣ ሙሐረም ሲገባ ቢሆን፣ ቁልፉን ያልያዘ ሰው መጥቶ ይቁጠር፤ ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ ምን ጎደለ የሚለውም ለጀመዓው ይነበብ።