ሕመምሽን ማን ይናገርልሽ?

እህቶቼ፣ ዓርብ ዓርብ ባጥሐ ስንገናኝ የሐኪም ቤት ወሬ አይጠፋም። «እየታመምኩ ፓናዶል ሰጥተው ሸኙኝ» ያላለች የለችም። እኔም ትርፍ አንጀት ኦፕራሲዮን ሆኜ የተኛሁ ጊዜ ደርሶብኛል። ጠዋት ነርሷ «ከዐሥር ስንት ያምሻል?» ብላ በዓረብኛ ጠየቀችኝ። አፌን ሳልከፍት መዳም «ሸወያ» ብላ መለሰችልኝ። አፍሬ ዝም አልኩ፤ ፓናዶል ተሰጥቶኝ ጥርሴን ነክሼ ዋልኩ። ማታ የገባችው ነርስ ብቻዬን አግኝታ ስትጠይቀኝ ግን «ተማንያ» አልኳት፤ ስምንት። ትንፋሼን ቆጠረች፣ ግፊቴን ለካች፣ የመጨረሻውን መድኃኒት ስንት ሰዓት እንደወሰድኩ ከካርዴ ላይ አይታ መርፌ ወጋችኝ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመልሳ «አሁንስ ስንት ነው?» አለችኝ።

ለካ ይቺ ጥያቄ ታሪክ አላት (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው)። ድሮ በብዙ ሆስፒታል ማስታገሻ የሚሰጠው ሕመምተኛው ሲያቃስት ነበር። ለንደን ውስጥ በሴንት ሉክስ ሆስፒታል ግን ነርሶች ለሞት ለተቃረቡ ሕሙማን ሞርፊኑን ሰዓት ጠብቀው፣ ሕመሙ ሳይመለስ ይሰጡ ነበር። ሲሲሊ ሳንደርስ በ1948 እዚያ በበጎ ፈቃድ ስታገለግል ይህን አየች። ነርስነት ተምራ ነበር፤ በኋላ ሐኪም ሆና በ1967 ሴንት ክሪስቶፈርስ የተባለውን የጽኑ ሕሙማን ማቆያ ከፈተች። በ1968 ደግሞ አሜሪካዊቷ ነርስ ማርጎ ማካፈሪ የሕመም ምስክሩ ራሱ ታማሚው ነው፣ አመመኝ ካለ አሞታል ብላ አስተማረች። በ1986 የዓለም ጤና ድርጅት ለካንሰር ሕመም ከፓራሲታሞል ተነስቶ እስከ ሞርፊን የሚደርስ ባለ ሦስት ደረጃ መመሪያ አወጣ። አዲስ አበባም በ2003 ሆስፒስ ኢትዮጵያ ተቋቋመ።

ዛሬም ሐኪሙ «ሲያስፈልግ ይሰጣት» ብሎ ያዘዘውን መቼ እንደምትሰጥ የምትወስነው ነርሷ ናት። የምትወስነውም ያንቺን ቃል ይዛ ነው። እኛ ግን «ቻይ ሴት» እየተባልን አድገን ዝም እንላለን። ዝምታሽን ነርሷ «ደህና ናት» ብላ ትጽፈዋለች።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ከዋሒድ እስከ ዐሸራ ያለውን ቁጥር ለአዲስ መጪዎቹ አስጠኑልኝ። ቁጥሩን ሳታጋንኚ፣ ሳታሳንሺ ተናገሪ። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም የማይስማማሽ መድኃኒት ካለ አብረሽ ንገሪ። መዳም ቀድማ ብትመልስም፣ ነርሷን ዓይን ዓይኗን አይተሽ የራስሽን ቁጥር በራስሽ አፍ ንገሪያት።